ውኃ የተቀላቀለበት ናፍጣ በደጋ አየር፦ የኢቫኖቭና የኔፌዶቭ ሐተታ ሲመረመር

ውኃን ከነዳጅ ጋር ማንደድ አዲስ ነገር አይደለም። ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ውኃን በጋዝ ሞተር ሲሊንደር ውስጥ በመርጨት ማቀዝቀዝን አስተዋውቋል፤ በክፍለ ዘመኑ ፍጻሜ ገደማም የፈረንሳዩ ኤልፍ አኳዞል፣ የአሜሪካው ሉብሪዞል ፑሪኖክስ የተባለ ውኃ የተቀላቀለበት ናፍጣ አውጥተዋል። ክርክሬ የሶቪየት ሊቃውንት ኢቫኖቭና ኔፌዶቭ እ.ኤ.አ. በ1962 ካቀረቡት፣ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጸሐፊ እየተቀባበለ ከሚያጸናው ሐተታ ጋር ነው።

እንደ እነርሱ ትምህርት፣ ውኃው ከናፍጣው ጋር ሳይዋሐድ በውስጡ በደቃቅ ነጠብጣብ ኀድሮ ይቆይና፣ ከናፍጣው ቀድሞ የሚፈላ በመሆኑ በድንገት ተንኖ የያዘውን ጠብታ ከውስጥ ይበታትነዋል፤ የተበታተነውም ናፍጣ ከአየር ጋር በሚገባ ተደባልቆ ጥላሸቱ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ፍንዳታ ጎልቶ የሚታየው ለብቻው በተያዘ ወፍራም ጠብታ ላይ ሲሆን፣ ከኢንጄክተር የሚረጨው ጠብታ በማይክሮን የሚሰፈር፣ የሲሊንደሩም ግፊት ከከባቢው አየር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ ውኃው የሚፈላበትም ሙቀት ከፍ የሚል ስለሆነ፣ በዚያ የታየውን እዚህ ዋና ምክንያት ማድረግ አይገባም።

ጥላሸቱ የሚቀንስበት ዋናው ምክንያት የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ነው፤ ይህም እንደ መካነ ሰላም ባለ ደጋ ጎልቶ ይታያል። ከተማዪቱ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየሯ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው የጭነት መኪና ወይም የወፍጮ ሞተር ፖምፓ ግን ናፍጣን በይዘት እየሰፈረ ይሰጣል እንጂ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ከደሴ በአቀስታ መካነ ሰላም ወዳለችበት ወደ ቦረና የሚወጣ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ የሚተፋው ጥቁር ጭስ ከዚህ የመጣ ነው። ከመቶ 15 እጅ ውኃ ቢቀላቀል፣ ያው ፖምፓ የሚሰጠው ናፍጣ 85 እጅ ብቻ ይሆናል፤ አንድ አራተኛ የነበረውም የአየር ጉድለት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ውኃው ሲተንን ሙቀት ስለሚወስድ ነበልባሉ ይበርዳል፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱም ይቀንሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ፑሪኖክስ ባወጣው ረቂቅ ዘገባ ጥላሸትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲቀንሱ ያልተቃጠለው ሃይድሮካርቦን ጨምሯል፤ ፍንዳታው ዋና ቢሆን ኖሮ ይህም በቀነሰ ነበር።

ውኃ ሲቀላቀል ኃይል ይጎድላል የሚሉ አሉ፤ በዚህ ከፍታ ጎደለ ከሚባለው ኃይል ከፊሉ ግን ቀድሞውንም ጭስ ሆኖ ይወጣ የነበረ ናፍጣ ነው። ፖምፓውን መቀነስ ይበቃል ለሚሉም፣ ያ ነበልባሉን አያበርድም። ውኃውንና ናፍጣውን አያይዞ የሚያቆይ ቅመም ከሌለ ውኃው ተለይቶ ፖምፓውን ያዝገዋልና፣ በናፍጣው ጋን ውስጥ ዝም ብሎ ውኃ መጨመር ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው።

ይህ ስሌት እንጂ ልኬት እንዳይደለ አልዘነጋም። መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንድ የወፍጮ ሞተር በከተማዪቱ፣ ያንኑ ሞተር ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በዓባይ ሸለቆ፣ በአንድ ዓይነት ቅልቅል ቢፈትን ነገሩ ይለያል፤ ምክንያቱ ፍንዳታ ከሆነ የጭሱ መቀነስ በሁለቱም ስፍራ ተቀራራቢ ይሆናል፤ የአየር ምጣኔ ከሆነ ግን በደጋው ይበልጣል።