የአተር እሸት በጓሮ ከዘር ማልማት

አተር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው የአገራችን አካባቢዎች በስፋት የሚመረት የጥራጥሬ ሰብል ነው። በማሳ የሚዘራው በአብዛኛው ደርቆ ለክክ፣ ለሽሮና ለንፍሮ የሚውል ሲሆን፣ በጓሮ በጥቂት ካሬ ሜትር ላይ የሚለማው በእሸትነቱ ለቤተሰብ ምግብ ሊውል ይችላል። ይህ ጽሑፍ በጓሯቸው አተር ከዘር ማልማት ለሚፈልጉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው።

አተርን ከሚጎዱት ነገሮች የዘር መበስበስ፣ ነቀዝና ውርጭ ዋነኞቹ ናቸው። እነዚህ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ በቀላሉ የሚታረሙ አይደሉም፤ መፍትሔያቸው ከመዝራት በፊት በሚደረግ የዘር ምርጫና የጊዜ ውሳኔ ላይ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ከዚህ በታች ቅድሚያ የተሰጠው ለዘር ነው።

ለዘር የሚሆነውን አተር መለየት

ለዘር የሚመረጠው አተር ሙሉ፣ ያልተሰበረና ቆዳው ያልተገፈፈ መሆን ይኖርበታል። ክክ የተከፈለና ቆዳውን ያጣ በመሆኑ አይበቅልም። ከገበያ ለምግብ የተሸጠ ድፍን አተር ሊበቅል ቢችልም፣ ዝርያው፣ ዕድሜውና የመጣበት አካባቢ ስለማይታወቅ ከመዘራቱ በፊት መፈተሽ አለበት።

ቆዳቸው ለስላሳ የሆኑ ዘሮች ቅዝቃዜንና እርጥበትን በተሻለ ይቋቋማሉ። ሲደርቁ የሚጨማደዱት ደግሞ በስኳር ይዘታቸው የበለጡ ስለሆኑ ለእሸት ተመራጭ ናቸው፤ ነገር ግን በቀዝቃዛና ውኃ በቋጠረ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳሉ። በክረምት ለሚዘራ ጓሮ ለስላሳው፣ በመስኖ ለሚለማ ጓሮ የተጨማደደው ይስማማል።

የአተር ነቀዝና ከዘር ጋር የሚደረገው ጉዞ

የአተር ነቀዝ በሰሜን ኢትዮጵያ አተር አምራች አካባቢዎች ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰ ተባይ ነው። ከሌሎች የጎተራ ነቀዞች የሚለየው ጥቃቱን የሚጀምረው በማሳ ላይ በመሆኑ ነው። እንስቷ እንቁላሏን በለጋው ቆባ ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ ቆባውን በስቶ ወደ ፍሬው ይገባል፤ በፍሬው ውስጥም እየተመገበ ያድጋል። በአንድ ፍሬ ውስጥ በአብዛኛው የሚያድገው አንድ ነቀዝ ነው። ጎልማሳው ነቀዝ በጎተራ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል፤ አለበለዚያም እስከሚቀጥለው የዘር ወቅት በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። በደረቀ ፍሬ ላይ ግን አይራባም።

በመሆኑም ጤናማ የሚመስል አንድ ጣሳ ዘር ነቀዙን ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ሊያሻግር ይችላል። ለአንድ ጓሮ የመጣ ዘር የጎረቤትን ማሳ ጭምር ይነካል። ይህንን ለመከላከል፦

1. ዘሩን በብርሃን ላይ በሰፌድ ዘርግቶ ክብ ቀዳዳ ያለበትን፣ ጥቁር ነጥብ የሚታይበትንና የተሸበሸበውን መልቀም፤
2. የተለቀመውን ውኃ ውስጥ ጨምሮ የሚንሳፈፈውን ማስወገድ፤ ይህ ሥራ መከናወን ያለበት ዘሩ በሚዘራበት ዕለት ነው፤
3. የተወገደውን ዘር በጓሮ አለመበተን፤ ማቃጠል ወይም በፈላ ውኃ መቀቀል፤
4. ነቀዝ ካለበት አካባቢ ለዘመድ ወይም ለወዳጅ የዘር አተር አለመላክ።

የመብቀል ፍተሻ

20 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ውስጥ ማስቀመጥና ጨርቁ እንዳይደርቅ መከታተል ያስፈልጋል። ከ8 ቀን በኋላ 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀሉ ዘሩ ተስማሚ ነው። ከ12 እስከ 15 ከሆኑ አጠጋግቶ መዝራት ይቻላል፤ ከዚያ ካነሱ ግን ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል።

የመዝሪያ ጊዜ

አተር የሚወደው ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ለዘብተኛ ቅዝቃዜ ነው። ከ27 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት አበባውን ያረግፋል። ለጋ ቅጠሉ ቀላል ውርጭ ቢችልም አበባውና ለጋው ቆባ ግን አይችሉም። ስለዚህ ጊዜው የሚሰላው ከሚዘራበት ሳይሆን ከሚያብብበት ወር ነው።

በዝናብ ለሚለማ ጓሮ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። በመስኖ ወይም በቧንቧ ውኃ ለሚያለሙ፣ ውርጭ በማይጠናበት ወይና ደጋ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መዝራት ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚያጠቃው ደጋ ግን፣ አበባው ከውርጩ በኋላ እንዲወጣ በጥር መዝራት ይመረጣል።

የመሬት ዝግጅትና አዘራር

አተር ውኃ በሚቋጥር መሬት አይለማም። አፈሩ ዋልካ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። መደቡ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ቢቻል ባለፉት 3 ዓመታት አተር ያልተዘራበት ይሁን፤ በሽታን የሚያስከትሉ ሻጋታዎች በአፈርና በተረፈ ምርት ውስጥ ይቆያሉና።

በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይጠቅማል። ዩሪያ መጨመር ግን አይመከርም። የአተር ሥር በላዩ ላይ በሚፈጠሩ ዕጢዎች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛል፤ የበዛ ዩሪያ ይህንን ሥራ ያዳክማል፣ ቅጠሉን አብዝቶም ፍሬውን ያሳንሳል። እነዚሁ ባክቴሪያዎች ባቄላንና ምስርንም ስለሚያገለግሉ፣ ከዚህ በፊት እነዚህ ሰብሎች በበቀሉበት ቦታ በአፈሩ ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ በአበባ ወቅት አንድ ተክል ነቅሎ ዕጢውን መክፈል በቂ ነው፤ ውስጡ ሐምራዊ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው።

ዘሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በዘርና በዘር መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተጠብቆ ይዘራል። ሁለት መስመሮችን በ20 ሳንቲ ሜትር አጠጋግቶ መካከላቸው ድጋፍ ማቆም ለእንክብካቤ ይመቻል፤ ከሚቀጥለው ጥንድ መስመር ጋር የ60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዋል። 3 ሜትር ርዝመት ላለው ጥንድ መስመር 120 ዘር ይበቃል፤ ይህም ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። ዘሩን መዘፍዘፍ ግዴታ አይደለም፤ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ከ12 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ መዘፍዘፍ ይቻላል። እስኪበቅል ድረስ ከወፍና ከዶሮ በእሾህ ቅርንጫፍ ወይም በመረብ መጠበቅ ይገባል።

እንክብካቤ

ተክሉ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለው እንጨት ወይም በሁለት ችካል መካከል የተወጠረ ገመድ በቂ ነው። ረጃጅም ዝርያዎች 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ድጋፍ ያሻቸዋል። ሥሩ ወደ ላይ የቀረበ በመሆኑ አረም ሲነቀል በጥልቀት መኮትኮት አይገባም።

ውኃ በይበልጥ የሚያስፈልገው ሲያብብና ቆባው ሲሞላ ነው። ማለዳ፣ ከሥሩ ላይ ማጠጣት ቅጠሉን ከሻጋታ ይጠብቃል። ክሽክሽ በጫፎቹ ላይ ሲታይ በውኃ ማርገፍ ወይም በቀላል የሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል። በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ሲበዛ የታመመውን ቅጠል አንስቶ ከጓሮው ማራቅ ያስፈልጋል።

እሸቱን መልቀም

እሸቱ በአብዛኛው ከተዘራ ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ በከፍተኛ ደጋ ሊዘገይ ይችላል። ቆባው ሞልቶ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ከታች ጀምሮ ይለቀማል። ሐረጉ እንዳይነቀል በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መልቀም ይገባል። አዘውትሮ መልቀም ተክሉ ማበቡን እንዲቀጥል ያደርጋል። ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ በዕለቱ ማብሰል ይመረጣል።

ለከርሞ ዘር ማስቀመጥ

አተር በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ስለሆነ፣ ከጓሮ የተወሰደ ዘር እናት ተክሉን ይመስላል። ከመጀመሪያው 5 ወይም 6 ጤናማ ተክሎችን ለይቶ እሸታቸውን ሳይለቅሙ መተው ያስፈልጋል። ቆባው ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ሳይዘገዩ ሰብስቦ መፈልፈል፣ ከዚያም በጥላ ሥር ማድረቅ ይገባል። በጥርስ ሲነከስ የሚሰነጠቅ እንጂ የሚሰረጉድ መሆን የለበትም።

የደረቀውን ዘር በጠርሙስ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ አየር እንዳይገባ መክደን በውስጡ የቀረውን ነቀዝ ያዳክማል። ፍሪዘር ያለው፣ በደንብ የደረቀውን ዘር ለአንድ ሳምንት በማቀዝቀዝ ነቀዙን መግደል ይችላል። በዕቃው ላይ የዝርያውንና የተሰበሰበበትን ወር መጻፍ አይዘንጋ። በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ዘር እስከ 3 ዓመት ያገለግላል።

ለጤና የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

በኬሚካል የታሸ፣ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ዘር ፈጽሞ አይበላም፤ ለእንስሳትም አይሰጥም። ማጠብ ወይም መቀቀል መርዙን አያስወግድም።

ፎስፊን ጋዝ የሚያወጣ የነቀዝ እንክብል ሰው በሚያድርበት ቤት መጠቀም ሕይወት ያጠፋል። ጋዙ በግድግዳና በበር ስንጥቅ ወደ መኝታ ክፍል ያልፋል። ለጓሮ ዘር አያስፈልግም።

ለጌጥ የሚተከለው ስዊት ፒ የተባለው መዓዛማ አበባ አበባውም ሆነ ቆባው አተርን ይመስላል። የቅርብ ዝምድናው ግን ከጓያ ጋር ሲሆን፣ ፍሬው መርዛማ በመሆኑ አይበላም። ሁለቱን በአንድ ጓሮ የሚያለሙ ሰዎች አራርቀው መትከልና ዘራቸውን ለየብቻ፣ ስም ጽፈው፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ አለባቸው።

ተጨማሪ ድጋፍ

ለአካባቢዎ የሚስማማውን ዝርያ፣ የዘር ምንጭና የመዝሪያ ጊዜ በሚመለከት በቀበሌዎ ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳዎን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በዘርዎ ላይ ነቀዝ ካገኙ፣ ጥቂት ናሙና በተከደነ ጠርሙስ ይዘው መቅረብዎ ተባዩን ለመለየትና አጎራባች አርሶ አደሮችን በወቅቱ ለማስጠንቀቅ ይረዳል።