የገጽ ንድፍ ታሪክ ለመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ያለው ጠቀሜታ

የመማሪያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለይዘቱ ነው። የፊደሉ መጠን፣ በመስመሮች መካከል የሚተወው ባዶ ቦታና የኅዳጉ ስፋት ለማተሚያ ቤት የሚተዉ ጥቃቅን ጉዳዮች ተደርገው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ንባብ የሚጀምር ሕፃን ከይዘቱ አስቀድሞ የሚገናኘው ከገጹ ጋር ነው። ገጹን የሚነድፈው ባለሙያ የሙያውን ታሪክ ካላወቀ፣ ቀደም ሲል መፍትሔ የተገኘለትን ችግር መልሶ ይፈጥራል።

ለዚህ አስረጅ የሚሆነው ቅርስ በመካነ ሰላም አካባቢ ይገኛል። በቦረና የሚገኘው የጋሥጫ ገዳም የመጽሐፈ ምሥጢርና የሰዓታት ደራሲ በሆኑት በአባ ጊዮርጊስ ስም የታወቀ ነው፤ በአጎራባቹ ሳይንትም ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ትገኛለች። አባ ጊዮርጊስ የተማሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲሆን፣ ለዚሁ ገዳም በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የአካባቢው የመጽሐፍ ሥራ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያመለክታል።

ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን ያለ ቀለም አስምሮ፣ የዓምዱን ስፋት ከወሰነ በኋላ ነው መጻፍ የሚጀምረው። ወንጌል በተለመደው ሥርዓት በሁለት ዓምድ ይጻፋል። መዝሙረ ዳዊት ግን በአንድ ዓምድ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ሐረግ በየራሱ መስመር ይሰፍራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዳዊት ከፊደልና ከመልእክት ንባብ ቀጥሎ የሚመጣ የተማሪ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ዓይን የቆመበትን እንዳይስት መስመሩ ከትንፋሹ ጋር እንዲሄድ ተደርጓል። ቀይ ቀለም መጀመሪያውንና ቅዱሳት ስሞችን ይለያል፤ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይከፍላል። እነዚህ ሁሉ ከጌጥነት ይልቅ የንባብ መሣሪያዎች ናቸው።

የኅትመት ጥበብ ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በአገር ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የጽሕፈት መኪና ግን ለላቲን ፊደል የተሠራ በመሆኑ ከ200 በላይ የሆኑትን የግእዝ ሆሄያት ሊሸከም አልቻለም፤ ፊደሉ ይቀነስ የሚል ሐሳብም ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉ በዩኒኮድ ውስጥ በመካተቱ የቦታው ችግር ተቃለለ። የገጹ ችግር ግን አልተቃለለም።

የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከፊሎቹ ወደ ላይ፣ ከፊሎቹ ወደ ታች ስለሚዘልቁ በመስመሮች መካከል አየር ይተዋሉ። የግእዝ ሆሄያት ግን ባብዛኛው የመስመሩን ሙሉ ቁመት ይይዛሉ። ስለሆነም ለላቲን የተለካው የመስመር ርቀት እንዳለ ሲወሰድ ገጹ ይጨናነቃል። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቀለበት በመሆኑ፣ ፊደሉ ሲያንስና ቀለሙ ሲፈስ ቀለበቷ ትደፈናለች። ሁለት ነጥብ ከቀረ ወዲህም ቃላትን የሚለየው ክፍተቱ ብቻ ነው፤ የመስመሩን ጠርዝ ለማስተካከል ሲባል ክፍተቱ ሲጠብ ቃላት ይያያዛሉ። ልምድ ያለው አንባቢ ይህን በግምት ያልፈዋል፤ ጀማሪው ግን ይሰናከላል፤ ስሕተቱም በገጹ ሳይሆን በተማሪው ይመካኛል።

የጉዳዩ ስፋት ከአማርኛም ያልፋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ የንባብ መጻሕፍቱ በግእዝ ፊደል የተዘጋጁ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ በአንድ ገጽ ንድፍ የሚፈጸም ጉድለት በብዙ ሺህ ቅጂ ይባዛል።

ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት በሽፋን ላይ የብራና ሐረግ መሳል አይደለም። ነዳፊው ቁም ጸሐፊው የጠየቀውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው፤ ይኸውም መጽሐፉን የሚያነበው ማን ነው? እንዴትስ ያነበዋል? የሚለው ነው። በመሆኑም የፊደሉና የገጹ ታሪክ በመምህራን ማሠልጠኛና በመጻሕፍት ዝግጅት ሥልጠና ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ማንኛውም የንባብ መጽሐፍም በብዛት ከመታተሙ በፊት ጥቂት ገጾቹ በጀማሪ ተማሪዎች ፊት ቢፈተኑ፣ ወጪው አነስተኛ ሲሆን ጥቅሙ ከፍተኛ ይሆናል።