አንድ በር፣ ሁለት ስም

ከሐረር ጁገል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱን አማርኛ ተናጋሪው ፈላና በር፣ ሐረሪው አሱም በሪ ይለዋል። በሩ ግን የመጣውን ሁሉ ቋንቋውን ሳይጠይቅ ያስገባል። የሥራ በር እንዲህ አልነበረም።

ኢጣልያኖች ከተማዪቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲገዙ ሥራን በቆዳ ቀለም ለዩ፤ በ1931 ዓ.ም. ያወጡት የዘር ሕግ ኢጣልያዊ ለአገሬው ሰው ተቀጥሮ እንዳይሠራ ከለከለ። ያ ሕግ ከባለቤቶቹ ጋር ወደቀ፤ የአንደበት መለያ ግን ቀረ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። የጋራ ቋንቋ መኖሩ አይከፋም፤ የሚከፋው ቋንቋ የችሎታ መለኪያ ሲሆን ነው። በገበያ በሁለት በሦስት ቋንቋ የሚዋዋል ሰው፣ አማርኛው ስላልቀና ብቻ በመሥሪያ ቤት ደጅ እንደ አላዋቂ ተቈጠረ። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ሒሳቡን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ፣ አነጋገሩ እንዳይሣቅበት ዝም ሲል አይቻለሁ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቋንቋዎችን ሁሉ እኩል አደረገ፤ በሐረሪ ክልልም ሐረሪና ኦሮምኛ የሥራ ቋንቋ ሆኑ። ነገር ግን ትናንት የተናቀ፣ ዛሬ ወንበር ሲያገኝ መናቅን ከተማረ፣ ሰው ተለወጠ እንጂ በደሉ አልተለወጠም። ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ ነገ ቀጣሪ ስትሆኑ ሰውን በሥራው መዝኑት እንጂ በአነጋገሩ አትመዝኑት።