ምርት ሦስት ሺህ ዓመት

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ያበቃው ጥቁርና ነጭ ፊልም። በ1946 ጎንደር የተወለደው ዳይሬክተር በልጅነቱ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ከእኩዮቹ ጋር በሲኒማ ያየውን የካውቦይ ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ ልቡም አገሩን ከተነጠቀው ቀይ ሕንድ ይልቅ ከካውቦዩ ጋር ነበር። ያ የምዕራባውያን ሲኒማ ልጁን ከወራሪው ወገን አሰልፎታል። ይህ ፊልም ደግሞ ከጭሰኛው ጎን ይቆማል። የተቀረጸው በአብዮቱ ዓመት በ1974 ነው። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ ገበሬው ከጥማድ በሬው ጋር ትልሙን ይመላለሳል። ካሜራው ከእርሻው ላይ አይቸኩልም፤ የፊልሙ ትልቅ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው፤ ግፉን ተመልካቹ በገበሬው ድካም ርዝመት ይረዳዋል። በመጨረሻ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ ባላባቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል። ፊልሙ በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል።