የሕንፃ ስሞች በመዝገበ ዕውቀት

«ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ» የተባለው መዝገበ ዕውቀት በጀርመን አገር በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2014 ዓመት በ5 ቅጽ ታትሟል። ቋንቋው እንግሊዝኛ፥ ተራውም በላቲን ፊደል ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በተክለ ሃይማኖት ደጅ ሲሰማ ያደገውን የመቅደስንና የቅኔ ማሕሌትን ስም በባዕድ ፊደል ይፈልጋል። ድካሙ ግን ከንቱ አይደለም፤ ስሙ የሕንፃውን ታሪክ ይገልጣልና። በደብረ ዳሞ ግንቡን ከሚያያይዘው እንጨት ወደ ውጭ የወጣው ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል፤ ስሙ ቢያስቅም ሥራው ታላቅ ነው። በ1997 ዓመተ ምሕረት ከሮማ በተመለሰው የአክሱም ሐውልት ላይም ይኸው ራስ፥ ደንጊያው እንጨት ሳያስፈልገው፥ ተቀርጾ በየተራው ይታያል። ስሙን የማያውቅ ክብ ጌጥ ይለዋል፤ ያወቀ ግን ግንበኛና አናጢ አብረው የሠሩትን የጥንት ቤት በአንድ ደንጊያ ላይ ያያል።