በቃል የመወጣት ልምምድ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ሪትሪቫል ፕራክቲስ» ይሉታል። የተማሩትን መልሶ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን አጥፎ፣ ከአእምሮ እያወጡ መናገር ወይም መጻፍ ማለት ነው። «የማውጣት ልምምድ» ብንለው አንባቢ «ምኑን? ከየት?» ማለቱ አይቀርም። ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል የሚባልለት ተማሪ ባለበት አገር «በቃል የመወጣት ልምምድ» ቢባል ይሻላል።

ለሐይቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የታወቀ የትምህርት ቦታ አድርገውታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ቀን ንባብ ነው፤ ሲመሽ የቃል ትምህርት ይጀመራል። በጨለማ መጽሐፍ አይታይም። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ቆይቶ ብቻውን እንዲወጣው ይጠየቃል። ሲስት እዚያው ይታረማል፤ ያልያዘ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈተኑት። አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አጠና። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አጥንቶ፣ ሦስት ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ያጠኑት ወደ 40 በመቶ ወረዱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያዙ። የሚገርመው፣ «አልረሳውም» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያጠኑት ነበሩ።

ደጋግመን ያነበብነው ገጽ ዓይናችን ይለምደዋል፤ ስለለመድነውም ያወቅነው ይመስለናል። መጽሐፉ ሲታጠፍ ግን የጎደለው ይጋለጣል። ለማስታወስ የሚደረገው ትግል ራሱም ትውስታን ያጠነክራል።

ይህን ከሽምደዳ ጋር የሚያምታቱት አሉ። የፈተና ዋዜማ ደብተር ሲያገላብጡ ማደር ሌላ፣ ቀን እየለዩ በቃል መወጣት ሌላ ነው። እርግጥ በቃል መያዝ ብቻውን ማስተዋልን አይሰጥም፤ የአብነት ተማሪ የያዘውን ይዞ ወደ ቅኔና ወደ ትርጓሜ የሚሻገረውም ለዚህ ነው።

በሐይቅም በአምባሰልም ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጁ፣ አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ ደብተሩን እጠፉና የያዛችሁትን በባዶ ወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ አርሙ። ከሁለት ቀን በኋላም ድገሙት።