የደንገል ታንኳና የሞተር ጀልባ፦ በጣና ላይ ርካሹ የትኛው ነበር?

ዓሣ ለማስገር ጀልባ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ስንት ብር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያስኬዳል። ዓሣ አስጋሪ በአብዛኛው የዕለት ጉርሱን ከውኃ የሚለቅም ሰው እንጂ ካፒታል ያለው ነጋዴ አይደለም። ይሁንና የጣና ሐይቅ ያለፉት አርባ ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው የጀልባ ዋጋ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። አንዴ ሲገዛ፣ ሁለተኛ በየቀኑ ለነዳጅና ለጥገና፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሚከፍለው ውኃው ራሱ ነው። በጣና ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሒሳቦች ተሠርተው ነበር። ሦስተኛው ግን ተረሳ።

የአገራችን ሰው ድሮ ጀልባ የሚመርጠው በገንዘቡ ሳይሆን በውኃው ጠባይና በዳርቻው ላይ በበቀለው ነገር ነበር። በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ላይ፣ ጀልባው ከአንድ ትልቅ ግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራ ነው። ወንዙ ይፈስሳል፣ ዳርቻው ዛፍ አለው፤ ጠባብና ረጅም ጀልባ ደግሞ ወራጅ ውኃን ይሰነጥቃል። በአባያ ሐይቅ ላይ ከውኃው ዳር የሚበቅል እንደ ቡሽ የቀለለ እንጨት እየታሰረ መንሳፈፊያ ይሆናል። በጣና ደግሞ ደንገል ነበረ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ዳር ዳሩ ረግረግ፣ ረግረጉም ደንገል ነበር። ስለዚህ ታንኳው የደንገል ሆነ።

ታንኳ ሲሠራ ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለው፣ ሳንቃ የለው፣ ቀለም የለው። ዋጋው የባለሙያው ጉልበትና ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የዘጌ ማገዶና ቡና ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው በታንኳ ነበር፤ መነኩሴውም ወደ ደሴቱ ገዳም የሚሻገረው በታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን ጣናን ዞሮ ሲያጠና የተጓዘው በዚሁ ነው።

ደንገልን እንደ ደካማ ነገር የሚያይ ካለ አንድ ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር ይቻላል ብሎ ሲነሣ፣ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነበር። ወደ ግብፅ ተጭኖ በፒራሚዶቹ አጠገብ የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ሠሩት። «ራ» የተባለችው ያቺ መርከብ ጉዞዋን ሳትጨርስ ቀረች። በቀጣዩ ዓመት ግን «ራ ሁለት» የተባለችው የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀናት ባርባዶስ ገባች።

ያም ሆኖ ታንኳ ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። ውኃ ይመጣል። ሲመጥ ይከብዳል፣ ሲከብድ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ቢበዛ ጥቂት ወራት ቢያገለግል ነው፤ ከዚያ ሌላ ይታሰራል። ማዕበል ሲነሣ ከባሕሩ መሐል ያለ ሰው ነፍሱን ለፈጣሪ ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው። በዚህ ምክንያት በታንኳ የሚያሰግር ሰው ከዳርቻ አይርቅም ነበር። የሚይዘው በአብዛኛው በዳር ዳር የሚውለውን ቀረሶ ነው። አጭር መረቡን ይጥላል፣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ሰው ድክመት ያለው ይህ ነገር ለሐይቁ አጥር ሆኖት ኖሯል። ታንኳው የማይደርስበት ውኃ ሁሉ የዓሣው መሸሸጊያ ነበር።

አጥሩ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1986፣ በደርግ ዘመን ነው። ከኔዘርላንድ በመጣ የቤተ ክርስቲያን ድጋፍና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ አማካይነት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ገባ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። አገሪቱ ከአስከፊው ረሃብ ገና አልወጣችም፤ ሐይቁ ዓሣ ሞልቶበት ዳር ያለው ሰው ይራብ ነበር። አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጁ፣ ባሕር ዳር ዓሣ መረከቢያ አገኘች። የተመዘገበው ዓመታዊ ምርት እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ?

ሞተሩ ግን ዓሣ አስጋሪውን ከዳር ወደ መሐል ብቻ አልወሰደውም፤ እስከ ወንዞቹ አፍ አደረሰው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ከሚገባው ውኃ አብዛኛውን የሚያመጡ ናቸው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ፣ በጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና ሌላ ቤት የላቸውም። ከእነዚህ በርካቶቹ በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ከወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው በነሐሴና በመስከረም ጠጠር ባለበት ጥርት ያለ ውኃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

እንግዲህ የሞተር ጀልባ ባለቤት ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ነዳጅ ውድ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ጉዞ ብዙ ዓሣ መያዝ አለበት። ብዙ ዓሣ በአንድ ቦታ የሚገኘው መቼ ነው? ሊወልድ ሲሰበሰብ። መረቡ በወንዙ አፍ ተዘረጋ፤ የሚያዘውም እናቲቱና በሆዷ ያለው የነገ ዓሣ ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ካገኙት ጋር ሲያስተያዩ የነጭ ዓሣው መጠን 75 በመቶ ያህል አሽቆልቁሎ ነበር። የክልሉም የፌዴራሉም የዓሣ ሀብት ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ጉዳቱ የዓሣው ብቻ አልነበረም። በታንኳ የሚያሰግረው ሰው ሞተር መግዛት አልቻለም፤ ዳር ላይ ቀረ። የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የሚታዘዝ ሆነ፤ በ2003 ውኃው ክፉኛ ሲጎድል ደረቅ የወጣው ዳርቻ ታረሰ፣ ደንገሉም ተመነጠረ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ስለዚህ ለድሃው ያለ ብር ይገኝ የነበረው ብቸኛ ጀልባ ጥሬ ዕቃው ራሱ እያለቀ ሄደ። ሞተሩን መግዛት ያልቻለው ሰው ታንኳውንም ማሰር አቃተው። ከነገደ ወይጦ ሰዎች ብዙዎቹ ከውኃው ሥራ ወጥተው በከተማው ዳር ኑሮን የሚገፉት አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፦ «ታዲያ አስጋሪው ዕድሜ ልኩን በሣር ላይ ተቀምጦ ይኑር? ማዕበል ይብላው?» ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል። ድህነትን በቅርስ ስም ማወደስ ለድሃው ምንም አይጠቅመውም። ነገር ግን የጣና ታሪክ የሚነግረን «ሞተር ክፉ ነው» ብሎ አይደለም። ምርጫው በታንኳና በሞተር መካከል ብቻ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ ነበር። ለዳርቻውና ለወንዝ አፍ ጥልቀት የሌለው ውኃ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ የሳንቃ ጀልባ ይበቃል፤ ደለል ላይ አይቀረቀርም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ከታንኳም ዕድሜ አለው። ሞተር የሚያስፈልገው ለሐይቁ መሐል ነው፤ እሱም ቢሆን በክረምት ከወንዞቹ አፍ እንዲርቅ ታስሮ።

ዛሬም ወጣቶች ተደራጅተው ጀልባ ሊገዙ ሲሉ፣ ብድር የሚሰጠው ተቋምም ሊያበድር ሲል፣ በወረቀቱ ላይ የሚሰፈረው የጀልባው ዋጋና የሞተሩ ጉልበት ነው። ሊሰፈር የሚገባው ሌላም አለ፦ ጀልባው የሚሠራው በየትኛው ውኃ ነው? የሚይዘው የትኛውን ዓሣ፣ በየትኛው ወር ነው? ብድሩን ለመመለስ በቀን ስንት ኪሎ መያዝ ይገደዳል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ዕዳ ያለበት ጀልባ ዓሣው ሲወልድ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሕጉ ቢከለክለውም ሌሊት ይወጣል።

ርካሽ ጀልባ ማለት ባለቤቱ ዓሣው እስኪወልድ ድረስ ወደብ ላይ አስሮ መቆየት የሚችለው ጀልባ ነው። የደንገል ታንኳ ይህን ይችል ነበር። የሚተካው ጀልባም በዚህ ይመዘን።